ደመወዙን ለአርነት የሰጠው አገረ ገዥ፦ የኤድዋርድ ኮልስ ሕይወት

የኢሊኖይ ሁለተኛ አገረ ገዥ የነበረው ኤድዋርድ ኮልስ በአራት ዓመት የሥልጣን ዘመኑ የተከፈለውን ደመወዝ በሙሉ፣ ማለትም 4,000 ዶላር፣ ግዛቲቱ የባርነት አገር እንዳትሆን ለተደረገው ትግል አዋለው። ስሙ የሚነሳው ግን በአብዛኛው ከዚያ ቀደም ብሎ በፈጸመው ሌላ ተግባር ነው፤ በ1819 በኦሃዮ ወንዝ ላይ ሳለ ከአባቱ የወረሳቸውን ሰዎች አርነት በማውጣቱ ነው። ያ ተግባር ትልቅ መሆኑን ማንም አይክድም። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቁኝ ግን ከዚያ በኋላ፣ እምብዛም ሥልጣን በሌለው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሕግ አውጪው ምክር ቤት አብዛኛው አባል በጠላትነት እያየው ያሳለፋቸው አሥራ ስምንት ወራት ናቸው። የራስን ንብረት መተው በአንድ ሰው ቁርጠኝነት የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ የአንድን ሕዝብ ሐሳብ ማስለወጥ ግን ትዕግሥትንም፣ ገንዘብንም፣ ስድብ መቻልንም ይጠይቃል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚያኛው ኮልስ በቂ ስላልተነገረ ነው። (የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮልስ የተወለደው ዲሴምበር 15 ቀን 1786 በቨርጂኒያ፣ በአልበማርል አውራጃ፣ ኤኒስኮርቲ ተብሎ በሚጠራው የቤተሰቡ ርስት ላይ ነው። አባቱ ጆን ኮልስ ባለጠጋ የመሬትና የባሪያዎች ጌታ ነበር፤ ቤተሰቡም ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሆኑት ከቶማስ ጄፈርሰን፣ ከጄምስ ማዲሰንና ከጄምስ ሞንሮ ጋር የቅርብ ወዳጅነት ነበረው። የማዲሰን ባለቤት ዶሊ ማዲሰን የሥጋ ዘመዱ ነበረች። እንዲህ ያለ ትውልድና ዝምድና ያለው ወጣት በቨርጂኒያ ቢቆይ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚጠብቀው ለመገመት አያዳግትም።

ሐሳቡ የተለወጠው በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ነው። የኮሌጁ ኃላፊና መምህር የነበሩት ኤጲስ ቆጶስ ጄምስ ማዲሰን (ከፕሬዚዳንቱ ጋር ስማቸው አንድ የሆነ ዘመዳቸው ናቸው) ስለ ሰው ልጆች የተፈጥሮ መብት ሲያስተምሩ፣ ኮልስ ሰው ሁሉ ነጻ ሆኖ ከተፈጠረ አንዱ ሌላውን እንደ ንብረት ሊይዝ እንዴት ይችላል ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩ ነገሩ በመርሕ ደረጃ ሊደገፍ እንደማይችል አመኑ፤ ነገር ግን አንዴ ከተተከለ በኋላ ለመንቀል አስቸጋሪ ነው አሉ። ብዙ ተማሪ ይህን መልስ ሰምቶ ወደ ሌላ ትምህርት ያልፋል። ኮልስ ግን ትክክል አለመሆኑ ከታመነ አስቸጋሪነቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም ብሎ፣ ባሪያ ላለመያዝና ባርነት ባለበት አገርም ላለመኖር በልቡ ቆረጠ።

ውሳኔውን ለአባቱ አልነገረም። ቢነግረው ኖሮ አባቱ የመሬት እንጂ የሰው ውርስ እንደማይተውለት፣ ነጻ ሊያወጣቸው ያሰባቸው ሰዎችም ለወንድሞቹ እንደሚተላለፉ ያውቅ ነበር። አባቱ በ1808 ሲሞት በሮክፊሽ ወንዝ አጠገብ ያለ እርሻና ወደ ሃያ የሚጠጉ ሰዎች ደረሱት፤ ያን ጊዜ ሐሳቡን ለቤተሰቡ ገለጸ፣ ሁሉም ተቃወሙት። ከተቃውሞው የከፋው ግን ሕጉ ነበር። ቨርጂኒያ በ1806 ባወጣችው ሕግ መሠረት አርነት የወጣ ሰው በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ግዛቲቱን ለቆ መውጣት ነበረበት፤ አለዚያ ተመልሶ በባርነት ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ነጻነት መስጠት ማለት ሰዎቹን ወደ ሌላ አገር ወስዶ የሚኖሩበትን ማዘጋጀት ማለት ሆነ። ለዚህም እርሻውን መሸጥ ያስፈልገው ነበር፤ ዘመኑ ደግሞ ገበያ የቀዘቀዘበት ዘመን ነበር።

በዚህ መሐል በ1810 ፕሬዚዳንት ማዲሰን የግል ጸሐፊያቸው እንዲሆን ጠሩትና እስከ 1815 በዋሽንግተን አገለገለ። ከዚያ ዘመን ሁለት ነገሮች ብቻ ላንሳ። የመጀመሪያው፣ በ1811 ከወንድሙ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዝ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት አረጋዊውን ጆን አዳምስን መጎብኘቱ ነው። አዳምስና ጄፈርሰን ለፕሬዚዳንትነት ከተፎካከሩበት ከ1800 ምርጫ በኋላ ተኳርፈው ነበር፤ አዳምስ በጨዋታ መካከል ጄፈርሰንን ምንጊዜም እንደሚወዱት፣ አሁንም እንደሚወዱት ለእንግዶቻቸው ተናገሩ። ይህ ቃል ለጄፈርሰን ደረሰ፤ በሁለቱም ወዳጅ በዶክተር ቤንጃሚን ረሽ አማላጅነትም በ1812 መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ሽማግሌዎች መጻጻፍ ጀመሩ። እስከ ዕለተ ሞታቸው የዘለቀው ያ ዝነኛ የደብዳቤ ልውውጥ የኮልስ እጅ አለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ጁላይ 31 ቀን 1814 ለጄፈርሰን የጻፈው ደብዳቤ ነው። ኮልስ ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጄፈርሰን ሰባ አንድ። ወጣቱ በታላቅ አክብሮት፣ ግን ሳይሸፋፍን፣ የነጻነት መግለጫውን የጻፈው እጅ ባርነት ቀስ በቀስ የሚወገድበትን ዕቅድ አውጥቶ ለቨርጂኒያ ሕዝብ እንዲያቀርብ ለመነ። ጄፈርሰን በኦገስት 25 መልስ ጻፉ። ባርነት ክፉ ነገር እንደሆነ፣ ጊዜው መድረሱ እንደማይቀር ተናገሩ፤ ሥራው ግን የወጣቶች እንጂ የሽማግሌ አይደለም፣ ከእኔ የሚገኘው ጸሎት ብቻ ነው አሉ። ይባስ ብለውም ኮልስ አገሩንና በእጁ ያሉትን ሰዎች ጥሎ እንዳይሄድ መከሩት። ኮልስ በሴፕቴምበር መልሶ ሲጽፍ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከጄፈርሰን በላይ አርጅተው ሳለ በፔንሲልቬኒያ በዚሁ ጉዳይ ይሠሩ እንደነበር አስታወሳቸው። ያደገበት ማኅበረሰብ እንደ ነቢይ ለሚያያቸው ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀላል አልነበረም። በዚህ ጉዳይ ያደረጉት ልውውጥ በዚሁ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ኮልስ ታላላቆቹን መጠበቅ እንደተወ ይሰማኛል።

በ1815 ወደ ምዕራብ ተጉዞ የኢሊኖይን ምድር አየ። ቀጥሎ ማዲሰን ከሩሲያ ጋር የተፈጠረን የዲፕሎማሲ አለመግባባት እንዲያስታርቅ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ላኩት። ሲመለስ በ1818 በካስካስኪያ የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ በቦታው ተገኝቶ ባርነት እንዳይገባ የሚሟገቱትን ደገፈ። በመጋቢት 1819 ፕሬዚዳንት ሞንሮ በኤድዋርድስቪል የመንግሥት መሬት ሽያጭ ጽሕፈት ቤት መዝጋቢ አድርገው ሾሙት፤ በዚያው የፀደይ ወቅትም ጉዞው ተጀመረ።

ጉዞውን ኮልስ ራሱ ኋላ ላይ ጽፎታል። ሰዎቹ ከቨርጂኒያ በጋሪ ተራራውን ተሻግረው በፔንሲልቬኒያ ወዳለው ብራውንስቪል ደረሱ፤ እዚያም ሁለት ጠፍጣፋ ጀልባዎች ተገዝተው ሰዎቹ፣ ፈረሶቹና ዕቃው ተጫኑ። ወዴትና ለምን እንደሚሄዱ አልተነገራቸውም ነበር። ከፒትስበርግ አለፍ ብለው፣ ፀሐይ በወጣችበት ለስላሳ የሚያዝያ ጠዋት፣ ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው በውኃው ላይ ሲንሳፈፉ ኮልስ ሁሉንም ሰብስቦ በአጭር ቃል ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እንደ እኔው ነጻ ናችሁ፣ ከፈለጋችሁ አብራችሁኝ ሂዱ፣ ካልፈለጋችሁ በፈለጋችሁበት ውረዱ አላቸው። በመጀመሪያ ዝም አሉ፤ እርስ በርሳቸውና እሱን እየተያዩ የሰሙትን ማመን አቃታቸው። ቀጥሎ አንዳንዶቹ በመንቀጥቀጥ ሳቁ፣ ከዚያም አለቀሱ። ሲረጋጉ ያሉት ነገር ኮልስን ራሱን ያስደነገጠ ነበር፤ በአዲስ አገር ቤትህን እስክትሠራና እስክትደላደል ድረስ አገልጋዮችህ ሆነን መቆየት አለብን አሉት። እሱ ግን አስቤበት የቆረጥሁት ነገር ነው ብሎ አልተቀበለም። ቀጥሎ ለያንዳንዱ ቤተሰብ ኃላፊ በኢሊኖይ 160 ኤከር መሬት እንደሚሰጥ ነገራቸው። ይህንንም አደረገ፤ የአርነት ወረቀቶቻቸውንም በኤድዋርድስቪል ጁላይ 4 ቀን 1819፣ ሆነ ብሎ በነጻነት በዓል ቀን፣ ፈረመላቸው።

የመሬቱ ነገር እንዳይዘነጋ እፈልጋለሁ። ባዶ እጁን ነጻ የወጣ ሰው የት እንደሚወድቅ ኮልስ አስቦበታል፤ በዘመኑ ግን ይህን ያሰቡ ጥቂት ነበሩ።

የደረሱበት አገር ግን በወረቀት ላይ እንጂ በእውነት ነጻ አልነበረም። የ1787ቱ የሰሜን ምዕራብ ድንጋጌ ከኦሃዮ ወንዝ በስተ ሰሜን ባርነትን ከልክሎ ነበር። ይሁን እንጂ የጥንት ፈረንሳውያን ሰፋሪዎች የነበሯቸው ባሪያዎች በባርነት እንዲቀጥሉ ተተዉ፤ ሌሎችም በረጅም ዓመት የአገልግሎት ውል ስም እየታሠሩ ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር፤ በሾኒታውን አጠገብ ለሚገኘው የጨው ማምረቻም ሕገ መንግሥቱ እስከ 1825 ድረስ ባሪያ ከሌላ ግዛት ተከራይቶ ማሠራትን ፈቅዶ ነበር። በ1820 የሕዝብ ቆጠራ ከ55,211 ነዋሪ 917ቱ ባሪያ ተብለው ተመዝግበዋል። በዚያ ላይ በ1819 የወጣው የጥቁሮች ሕግ ነጻ የሆነው ጥቁር ሰው የነጻነት ወረቀቱን በፍርድ ቤት እንዲያስመዘግብ ያስገድድ ነበር፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ እንደ ሸሸ ባሪያ ይያዛል።

በ1822 ኮልስ ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። አራት ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ኮልስ 2,854፣ ዋና ዳኛ ጆሴፍ ፊሊፕስ 2,687፣ ዳኛ ቶማስ ብራውን 2,443፣ ጄምስ ሙር 622 ድምፅ አገኙ። ባርነትን የሚደግፈው ወገን ድምፁን ለሁለቱ ዳኞች ስለከፈለ ኮልስ ከተሰጠው ድምፅ ሲሶውን ብቻ ይዞ፣ በ167 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ይህ ሊሰወርብን አይገባም፤ ወንበሩን ያገኘው ሕዝቡ በሐሳቡ ስለተስማማ አይደለም።

እንዲህ በጠበበ ድል የገባ ሹም ብዙ ጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ኮልስ ግን በዲሴምበር 1822 በዘመኑ የግዛቲቱ ዋና ከተማ በነበረችው በቫንዳሊያ ባደረገው የመጀመሪያ ንግግሩ የፈረንሳውያኑ ባሪያዎች ነጻ እንዲወጡ፣ የጥቁሮች ሕግ እንዲሻሻል፣ ነጻ ጥቁሮችን አፍነው ወደ ደቡብ በሚሸጡ ሰዎች ላይ ጠንካራ ቅጣት እንዲደነገግ ጠየቀ። ምክር ቤቱ የመለሰው በተቃራኒው ነው፤ ሕገ መንግሥቱን የሚለውጥ ጉባኤ ይጠራ የሚል የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። ባርነት የሚለው ቃል ባይጠቀስም ዓላማው ለማንም ግልጽ ነበር። ከደቡብ የሚመጡ ባለጠጎች ባሪያዎቻቸውን ይዘው ኢሊኖይን እያቋረጡ ወደ ሚዙሪ ሲያልፉ የሚያዩ ብዙ ሰፋሪዎች፣ መሬታችን ዋጋ ያጣው ባርነት ስለተከለከለ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ጉባኤ ለመጥራት ከሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በሴኔቱ ተገኘ፤ በተወካዮች ምክር ቤት አንድ ድምፅ ጎደለ። ቀጥሎ የተደረገው ነገር፣ ዛሬም ሳነበው ያናድደኛል። ከፓይክ አውራጃ ለአንድ ወንበር ኒኮላስ ሃንሰንና ጆን ሻው ይከራከሩ ነበር፤ ምክር ቤቱ ቀደም ሲል ለሃንሰን ፈርዶለት፣ ሃንሰንም ጄሲ ቶማስ በድጋሚ የአሜሪካ ሴናተር ሆኖ እንዲመረጥ ድምፁን ሰጥቶ ነበር። በየካቲት 1823 ግን ጉባኤ መጥራቱን ሲቃወም፣ ተወስኖ ያለፈው ክርክር እንደገና ተከፈተና ሃንሰን ከወንበሩ ተባሮ ሻው ገባበት። ውሳኔው ወዲያው አለፈ። በዚያ ሌሊት ደጋፊዎቹ ችቦ አብርተው፣ ቀንደ መለከት እየነፉና ከበሮ እየመቱ ወደ አገረ ገዥው መኖሪያና ወደ ሌሎቹ ተቃዋሚዎች ቤት ሄዱ።

ጉባኤው ይጠራ ወይስ አይጠራ የሚለውን የሚወስነው ሕዝቡ፣ በኦገስት 1824 በሚሰጠው ድምፅ ነበር። በጉዳዩ አገረ ገዥው የሚሽረውም የሚያጸድቀውም ነገር አልነበረም። ኮልስ የቀሩትን ጥቂት መሣሪያዎች ተጠቀመባቸው፤ ደመወዙን፣ ብዕሩንና ወዳጆቹን። በፊላደልፊያ ለሚኖረው ወዳጁ ኒኮላስ ቢድል ጽፎ እርዳታ ጠየቀ፤ ቢድልም ሮበርትስ ቮክስ ከተባለው የኩዌከር (ባርነትን ይቃወም የነበረ የክርስቲያን ማኅበር) በጎ አድራጊ ጋር አገናኘው፤ የባርነትን ጉዳት የሚያስረዱ ጽሑፎች በፊላደልፊያ እየታተሙ ወደ ኢሊኖይ ተላኩ። በቫንዳሊያ የሚታተመው ኢሊኖይ ኢንተሊጀንሰር ጋዜጣ በዚያው ዘመቻ መካከል ወደ ፀረ ጉባኤው ወገን እንዲዞር ተደረገ። የኤድዋርድስቪሉ ስፔክታተር አዘጋጅ ሁፐር ዋረን ኮልስን በግል የማይወደው ሰው ቢሆንም በጉዳዩ ከጎኑ ቆሞ ጻፈ። ከእንግሊዝ የመጣው ገበሬ ሞሪስ ቢርክቤክ ጆናታን ፍሪማን በሚል የብዕር ስም ተራው ሰፋሪ በሚገባው ቋንቋ መልእክት ያወጣ ነበር፤ የባፕቲስት ሰባኪው ጆን ሜሰን ፔክም ከመንደር መንደር እየዞረ ማኅበራትን አደራጀ።

ክርክሩ የተካሄደው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ባርነት ኃጢአት ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ምናልባትም ድምፅ ይበልጥ የሳበው፣ ባሪያ ያለው ባለጠጋ በሚገዛበት አገር ድኻ ነጭ ገበሬ ቦታ አይኖረውም የሚለው ነው። ከመራጮቹ ብዙዎቹ ጥቁሮች ባሪያ ሆነውም ነጻ ሆነውም ወደ አገራቸው እንዲገቡ የማይፈልጉ ነበሩ። ኮልስ ይህን ያውቅ ነበር፤ ድሉ ከምን እንደተሠራ ስናይ እኛም ልንሸሸገው አይገባም።

ኦገስት 2 ቀን 1824 ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ፦ ለጉባኤው 4,972፣ በተቃውሞ 6,640። ከሁለት ዓመት በፊት ኮልስ በ167 ድምፅ የገባበት ግዛት በ1,668 ድምፅ ብልጫ ባርነትን አልቀበልም አለ።

ሆኖም ጠላቶቹ አልተኙም። የ1819ኙ ሕግ ባሪያዎቹን ነጻ የሚያወጣ ሰው ለያንዳንዱ 1,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ ያዝዝ ነበር፤ ኮልስ ወረቀቶቹን ሲፈርም ሕጉ ገና ታትሞ አልወጣም ነበር። ይህን ይዘው ኤድዋርድስቪል የምትገኝበት የማዲሰን አውራጃ ሹማምንት ከሰሱት፤ ለያንዳንዱ ሰው 200 ዶላር ቅጣት ተቆጥሮ ለአሥር ሰዎች 2,000 ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይህ የሁለት ዓመት ደመወዙ ነው። ምክር ቤቱ በ1825 መጀመሪያ ቅጣቱን የሚሰርዝ ሕግ ቢያወጣም የወረዳው ዳኛ ሳሙኤል ማክሮበርትስ ሕጉን አልቀበልም አለ፤ ነገሩ የተቋጨው የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1826 ለኮልስ ሲፈርድ ነው። ቢርክቤክን የግዛቲቱ ጸሐፊ አድርጎ ቢሾመው ሴኔቱ ሹመቱን ሳያጸድቅ ቀረ፤ ቢርክቤክም በዚያው በ1825 ወንዝ ሲሻገር ሰጥሞ ሞተ። በዚያው ዓመት ኮልስ ለጥቂት ወራት ከግዛቲቱ ሲወጣ ምክትሉ አዶልፈስ ሃባርድ ወንበሩን ያዘና፣ አገረ ገዥው ሲመለስ ሥልጣኑን ለቋልና አልመልስም አለ። እሱም በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ።

ሕገ መንግሥቱ አንድ አገረ ገዥ ተከታትሎ እንዲመረጥ ስለማይፈቅድ ኮልስ በ1826 መጨረሻ ሥልጣኑን አስረከበ። በ1831 ለአሜሪካ ምክር ቤት ቢወዳደርም ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ፊላደልፊያ ሄዶ በ1833 ሳሊ ሎጋን ሮበርትስን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። አሮጌው አለቃው ማዲሰን በኑዛዜያቸው ባሪያዎቻቸውን ነጻ እንዲያወጡ ደጋግሞ ለመናቸው፤ ያደርጉታል ብሎም አምኖ ነበር። ማዲሰን በ1836 ሲሞቱ ኑዛዜው ሰዎቹን ለባለቤታቸው የሚያወርስ ሆኖ ተገኘ።

በኢሊኖይም የ1824ቱ ድምፅ አዲስ ባርነትን አገደ እንጂ የነበረውን አልነቀለም። የፈረንሳውያኑ ባሪያዎች ዘሮች ጉዳይ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እልባት ያገኘው በ1845 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ባርነትን ያለ ማምለጫ የከለከለው በ1848 ነው። በ1853 ደግሞ ግዛቲቱ ነጻ ጥቁሮች ሊኖሩባት እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ኮልስ በ1822 ይሻሻል ያለው የጥቁሮች ሕግ የተሻረው በ1865 ነው።

በ1854 የኢሊኖዩ ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ ያቀረቡት የካንሳስና ነብራስካ ሕግ የባርነትን ጥያቄ በአዲሶቹ ግዛቶች እንደገና ሲከፍተው፣ የስድሳ ሰባት ዓመቱ ኮልስ እንደገና ብዕር አነሣ። በ1856 የሰሜን ምዕራብ ድንጋጌን ታሪክ ጽፎ በፔንሲልቬኒያ ታሪክ ማኅበር አቀረበ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲመጣ ወደ ቨርጂኒያ ተመልሶ ይኖር የነበረው ልጁ ሮበርትስ ከደቡብ ጦር ጋር ተሰልፎ በፌብሩዋሪ 1862 በሮአኖክ ደሴት ውጊያ ሞተ። አባትየው ባርነት በመላው አገር በሕገ መንግሥት ሲሻር ለማየት በቃ፤ ያረፈውም ጁላይ 7 ቀን 1868 በፊላደልፊያ፣ በሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው።